ጫቱን ወደ ቀኝ ጉንጬ አዛወርኩት

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከእኛው የስፌት መኪኖች ድምፅ ነው። ሱቄ ውስጥ አንድ ትልቅ መስታወት አለ። እዚያ ፊት ስንት ሙሽራ ዞር ዞር ብላ ራሷን አይታበታለች፤ ስንት ጎልማሳ ቦርጩን ወደ ውስጥ ስቦ «ምነው አጠበብክብኝ?» ሲል ወቅሶኛል። እኔ ግን ሃምሳውን ካለፍኩ በኋላ እንኳ የገዛ ምላሴን በዚያ መስታወት አይቼው አላውቅም ነበር። ምላስ ምኑ ይታያል? ይናገራል፣ ይቀምሳል፣ የክር ጫፍ ያረጥባል፤ በቃ። ይህን የምጽፈው እንደዚያ ለሚያስብ ሰው ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ መስታወት ፊት ቆማችሁ ምላሳችሁን ብታወጡ ቤተሰብ ይስቅባችሁ ይሆናል። ይሳቅ። እኔም ላይ ተስቋል።

ስሜ ኢብራሂም ነው። ከስፌቱ ሌላ ሰው የሚያውቀኝ በዚክሪ ነው። ዚክሪ በጋራ የሚዜም የአላህና የነቢያችን ውዳሴ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ የተሰበሰበው ይቀበላል፣ ከበሮ ይመታል። አባቴ አውጪ ነበሩ፤ ከእሳቸው በኋላ እኔ ሆንኩ። ከበሮውን የሚመታልኝ የልጅነት ጓደኛዬ ቶፊቅ ነው። እሱ ጨርቅ ይሸጣል፤ ሱቁም ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። በዓመት አንዴ፣ ከረመዳን ቀጥሎ ያለው የሸዋል ጾም ሲያበቃ ሹዋሊድን እናከብራለን። ያን ቀን ሐረር ያለ የሌለ ልብሱን ለብሶ ይወጣል፣ ዚክሪውን የማወጣውም እኔ ነኝ። የምላሴን ነገር ስነግራችሁ ይህን አትርሱብኝ። ለእኔ ምላስ ማለት ሹዋሊድ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ጉንጭ ልንገራችሁ። በእኛ ከተማ ጫት የሚቅም ሰው ሁሉ የራሱ ጉንጭ አለው። ቅጠሉን አላምጦ የሚያቆይበት ወገን ማለቴ ነው። አንዱ ግራ ነው፣ አንዱ ቀኝ፤ በወጣትነቱ በያዘው እስከ እርጅናው ይዘልቃል። የእኔ ግራ ነበር። የቶፊቅም ግራ ነው። የአባቴ ቀኝ ነበር። በርጫ ላይ፣ ማለትም ከምሳ በኋላ ተሰብስበን በምንቅምበት ሰዓት፣ ፊታችን በደንብ ባይታይ እንኳ ጉንጫችንን አይቶ ማን የት እንደተቀመጠ የሚለይ ሰው አለ። ስለዚህ ጉንጭ መቀየር ቀላል ነገር አይደለም። ግራኝን ሰው በቀኝህ ጻፍ እንደማለት ነው።

ስለ ሕመሙ መጀመሪያ የነገረኝ ክር ነው። አንድ ቀን መርፌ ላይ ላስገባ የክሩን ጫፍ በምላሴ ሳረጥብ ግራው ጠርዝ ላይ ቆጠቆጠኝ። በጣቴ ስዳስሰው ምስር የምታክል ሻካራ ነገር ነካሁ። ነክሼው ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሲሰነብት ግን ሎሚና ሚጥሚጣ አላስቀርብ አለኝ፣ ጫቱም ማቃጠል ጀመረ።

ነገሩን በርጫ ላይ አነሳሁት። እዚያ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም።

«ረጭተውበት ነው» አለ ቶፊቅ። «ዘንድሮ ጫቱ ላይ የማይረጩት መርዝ የለም። ሻጭህን ቀይር።»

«ሙቀት ነው» አለ ሌላው። «ቀዝቃዛ ወተት ጠጣበት።»

ሁሉም በአንድ ድምፅ የተስማሙበት መድኃኒት ግን ሌላ ነበር፤ «ወሪያ፣ ጉንጭህን ቀይርና አሳርፈው።» አባቶቻችንም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። አፉ የቆሰለ ሰው ወገን ይቀይራል፣ ቁስሉ ያርፋል፣ ይድናል። እኔም ሻጭ ቀየርኩ፣ ወተቱንም ጠጣሁ፣ ጫቱንም ወደ ቀኝ ጉንጬ አዛወርኩት። መጀመሪያ ቅጠሉ እያመለጠኝ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን ሜትር ሁሉ አረንጓዴ አደረገው፣ ጓደኞቼም ሳቁብኝ። በኋላ ግን ለመድኩት። ማቃጠሉም ጋብ አለ።

እስከዚያው ሐኪም ጋ አልሄድክም እንዳትሉኝ፣ ሄጃለሁ። አንድ መድኃኒት ቤት ፈንገስ ነው ብለው የሚቀባ ሰጡኝ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ባለሙያው ከጠረጴዛው ሳይነሳ «አፍዎን ይክፈቱ» አለኝ፤ ከፈትኩ፤ «የቫይታሚን እጥረት ነው» አለኝ፤ ዘጋሁ። የሚስቴ እህት ሐበሱዳ፣ ጥቁር አዝሙድ ማለት ነው፣ በማር ለውሳ አመጣችልኝ። ከሐጅ የተመለሱ ጎረቤታችን ከዘምዘሙ ውሃ አካፈሉኝ። ሁሉንም በእምነት ወሰድኩ። ማሩም ዘምዘሙም አልጎዱኝም፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። የጎዳኝ ከዚያ በኋላ ያልኩት አንዲት ቃል ናት። «ዳንኩ» አልኩ።

ሚስቴ ነሲራ ግን አላመነችም። እሷ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ሰፌድና ሞሰብ ሰፍታ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ነገር ካየች አትለቅም። «ከዳንክ ለምን በግራ አታላምጥም?» ትለኛለች። «ከዳንክ ለምን ትኩስ ሻይ ሲቀርብልህ ታስቀዘቅዛለህ?» እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ስትደጋግምብኝ ደግሞ ተቆጣሁ። ምግቤን ስበላ እያየችኝ ከሆነ ጀርባዬን ሰጥቼ መብላት ጀመርኩ። ባልና ሚስት አንድ ትሪ ቀርቦ ጀርባ ሲሰጣጡ ቤቱ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።

ነሲራ ጥርሷን በየጊዜው የምትታየው አቦከር አካባቢ ባለ የጥርስ ክሊኒክ ነው። አንድ ቀን «መርፌውን ስለምፈራ አብረኸኝ ሂድ» አለችኝ። ልጆቻችንን ስትወልድ ያልጮኸች ሴት መርፌ ፈራሁ ስትል መጠርጠር ነበረብኝ፤ አልጠረጠርኩም፤ አብሬያት ሄድኩ። ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ነርሷ ብቅ ብላ «አቶ ኢብራሂም፣ ይግቡ» አለች።

ወደ ነሲራ ዞርኩ። እሷ ጣራ ጣራውን ታያለች።

«ማነው ስሜን ያስመዘገበው?»

«እኔ እንጃ» አለች። «አቦ ግባ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

የሰው ፊት ነውና መጨቃጨቅ አፈርኩ፤ ገባሁ። ሐኪሟ ዶክተር ሰላማዊት ትባላለች፤ ከጎጃም ለሥራ ተመድባ መጥታ በዚያው ሐረር የቀረች፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት ናት። «የመጣሁት ለማሳጠብ ብቻ ነው» አልኳት ቆፍጠን ብዬ። «እሺ ጋሼ፣ እናጥባለን» አለችና አጠበች። ከጫቱ ጋር የማጨሰው ሲጋራ ጥርሴ ላይ የተወውን ቡናማ ስትፍቅ ትንሽ ተቆጣችኝ። ሲያልቅ ልነሳ ስል «ገና ነው» አለችኝ፤ በእጇ ፋሻ ይዛለች። «ምላስዎን ያውጡልኝ።»

«ጥርሴን አይተሽ ጨረስሽ አይደለም እንዴ?»

«አፍ ከተከፈተ ሁሉንም ነው የማየው። ምላስ፣ የምላስ ሥር፣ ጉንጭ፣ ላንቃ፣ አንገት። ለሚመጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የማደርገው። አያምም፣ ቶሎም ያልቃል።»

ምላሴን በፋሻው ያዘችና ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ሳበችው፣ መብራቱን አስጠጋች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ተመለከተች። እስከዚያ ድረስ ከነርሷ ጋር የያዘችውን ጨዋታም ተወችው።

«ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ ምላሴን ለቃ።

«እሱማ ድኗል። ካመመኝ ቆየ።»

«ማመሙን አልጠየቅኩዎትም፣ ጋሼ። መኖሩን ነው የጠየቅኩዎት።»

ትንሽ መስታወት ሰጠችኝና ምላሴን ራሴ እንዳየው አደረገች። ግራው ጠርዝ ላይ ኖራ የተቀባ የሚመስል ነጭ ነገር ነበር፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ቀይ ቁስል። ነጩ ሲፋቅ እንደማይለቅ፣ ከሥሩም እንደጠነከረ በጣቷ እየዳሰሰች አሳየችኝ። «አፍ ውስጥ ያለ ቁስል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ መታየት አለበት» አለች። «ቢያምም፣ ባያምምም።»

«ጉንጭ ቀይሬለት ነበር እኮ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ነገሩን አስረዳኋት፤ ግራ ጉንጭ፣ ቀኝ ጉንጭ፣ ማሳረፍ። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። «ስለዚህ ማቃጠሉ ጠፋ፣ ቁስሉ ግን እዚያው ተቀመጠ» አለች። «ያባረሩት ሕመሙን ነው፣ በሽታውን አይደለም። ጫቱ ነው ያመጣው ብዬ አሁን አልፈርድም፤ ሲጋራውን ግን አልምረውም። ከቁስሉ ላይ ትንሽ ተቆርጦ መመርመር አለበት። ናሙና እንለዋለን። ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል እጽፍልዎታለሁ።»

ወጥቼ ነሲራን ሳያት ልቆጣት አስቤ ነበር፤ የሆስፒታሉን ወረቀት ሰጠኋት። እሷም አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በጀጎሉ በር ገብተን እስከ ቤታችን እጄን ይዛ ሄደች። በእኛ ሰፈር የእኔ ዕድሜ ሰው ከሚስቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ አይሄድም፤ ያየን ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ።

ናሙናው ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ከሁሉ የከፋ ነበር። የሆስፒታሉ መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ አግዳሚው ስለማይበቃ ግማሹ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ውጤት ልጠይቅ በተመላለስኩበት በአንዱ ቀን አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ። ፂማቸው ደረታቸው ላይ ደርሷል፣ መንጋጋቸው በአንድ በኩል ጎድጉዷል።

«ወንድሜ፣ አንተም አፍ ነህ?» አሉኝ።

«አፍ ነኝ» አልኩ።

«እኔም። እብጠቱን ሰው እንዳያይብኝ ፂም አሳደግኩበት። ደበቀልኝ፤ አሳምሮ ደበቀልኝ። ሐኪሙ ሲላጨኝ ነው የታየው።» ትንሽ ሳቅ አሉ፣ ሳቃቸው በአንድ ወገን ብቻ ነበር። «ያንተ ቶሎ ከተገኘ አላህን አመስግን። የእኔን እግዜር ይወቀው።»

ስማቸው ሲጠራ ተነሱና ወደ ነርሷ ሄዱ፤ «መጀመሪያ እሱን አስገቢው፣ ሱቅ ዘግቶ የመጣ ሰው ነው፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ አግኝቻቸው አላውቅም። በዱዓዬ ግን አልረሳቸውም።

ውጤቱ በረመዳን መጣ። ዶክተር ሰላማዊት ራሷ ልታነብልኝ ፈለገች፤ ከነሲራ ጋር ገባን። «ካንሰር ነው» አለች። ቃሉን አላዞረችውም፣ እኔም ስላላዞረችው አመሰገንኳት። «ግን ገና በጅምሩ ነው፣ ትንሽ ነው። ከምላስዎ ግራ ጠርዝ ላይ ይቆረጣል፤ አንገት ላይ ያሉት ዕጢዎችም ይወጣሉ፣ እንዳልደረሳቸው ለማረጋገጥ። የሚሠራው አዲስ አበባ ነው።»

«መናገር እችላለሁ?»

«ይናገራሉ። መጀመሪያ ላይ ይከብድዎታል፣ በልምምድ ይሻሻላል።»

«ዚክሪስ?»

አልገባትም። ነሲራ አስረዳቻት። ዶክተሯ «ይህን ቃል ልገባልዎ አልችልም» አለች። «ከዘገየን ግን የሚቆረጠው እየበዛ ነው የሚሄደው። ይህንን አረጋግጬ እነግርዎታለሁ።»

የአዲስ አበባው ቀጠሮ ተይዞ ሲመጣ ከሹዋሊድ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ዋለ። ቀጠሮውን ካሳለፍኩት ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም። ነገሩ እዚህ ላይ ከረረ። ከዙህር ሰላት በኋላ ቤታችን፣ ነደባው ላይ ተሰበሰብን፤ ነደባ የምንለው በእኛ ቤት የሚቀመጡበት ከፍ ያለው መደብ ነው። የዚክሪያችን ሽማግሌ አው ዑመር መጡ፣ ቶፊቅም መጣ።

«ጥቂት ቀን ነው» አለ ቶፊቅ። «ሹዋሊድን አውጣና ትሄዳለህ። አቦ፣ ስንት ወር የቆየ ቁስል በጥቂት ቀን ምን ይሆናል? ደግሞ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ቢላ የነካው ምላስ ዚክሪ ሲያወጣ አይቼ አላውቅም።»

ያ ቃል እንደ መርፌ ወጋኝ። ቶፊቅ ሊጎዳኝ እንዳልፈለገ አውቃለሁ፤ ግን እኔ በልቤ የፈራሁትን ነው አውጥቶ የተናገረው። አንድ ሹዋሊድ ብቻ፣ በሙሉ ምላሴ። የመጨረሻዬም ከሆነ በደንብ ተሰናብቼው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ነሲራ ሽማግሌ ባለበት ድምፅ አታሰማም። ያን ቀን ተናገረች። «ለደንበኛ ሁሉ ‹ቀዳዳው ትንሽ ሳለ አምጪው› የምትለው አንተ አይደለህም?» አለችኝ። «ሰው በዓል ካለፈ በኋላ ሲያመጣልህ ‹አሁንማ ጨርቁ አልቋል› ብለህ ስትመልስ ስንቴ ሰማሁህ? ለጨርቅ ያለህን ጭንቀት ለእኔ ባል ንፈግለት አልኩህ እንዴ?» ከዚያ አለቀሰች። ያን ሁሉ ጊዜ ሳታለቅስ ቆይታ ነው።

ሁላችንም አው ዑመርን አየናቸው። እሳቸው መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ኢብራሂም» አሉኝ፣ «ሹዋሊድ ያላንተ ይከበራል። አባትህ ሲሞቱም ተከብሯል። ያላንተ የማይሆነው ይህ ቤት ነው። ምላስህ አላህ የሰጠህ አማና ነው፣ አደራ ነው። አደራ ሲታመም ይታከማል። ሂድ።»

በቃኝ። እዚያው ወሰንኩ፤ ከዚያ ወዲያም አላመነታሁም። ሲጋራውንም ጫቱንም በዚያ ሳምንት ተውኩ። ለሲጋራው የሐኪም ትእዛዝ ነበር፤ ጫቱን የተውኩት ሁለቱን ለይቼ ማቆም እንደማልችል ራሴን ስለማውቅ ነው። ወጪውን አፎቻችን አገዘን፤ አፎቻ ለሐዘንም ለደስታም የምንረዳዳበት ማኅበራችን ነው። ቶፊቅ ሊሸኘኝ አልመጣም።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ አልልም፣ ተኝቼ ነበርና። ስነቃ አፌ የሌላ ሰው አፍ መሰለኝ። በአፍንጫዬ ቱቦ ገብቶ በእሱ ነበር የምመገበው፤ የምፈልገውን በወረቀት እጽፍ ነበር። የሹዋሊድ ዕለት ነሲራ ስልኳን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ፤ ከሐረር ደውለውላት ዚክሪው ይሰማል። ሌላ ሰው ያወጣል። ልቀበል ብዬ ምላሴን ሳንቀሳቅስ ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ወጣ፤ እንባዬ ወረደ፤ እሷም አብራኝ አለቀሰች። ስልኩን ግን «ዝጊው» አላልኳትም። እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

እብጠቱ ሲቀንስ መስታወት አምጡልኝ ብዬ ጻፍኩ። የቆረጠኝ ሐኪም ማየቱ የሚያስፈራኝ መስሎት ሊያጽናናኝ ጀመረ። እኔ ግን የፈለግኩት ስፌቱን ለማየት ነበር። አየሁት። እኩል በእኩል ወርዷል፣ የላላም የተጨናነቀም የለውም። «ጥሩ እጅ ነው» ብዬ ጻፍኩለት፤ «ቋጠሮው ላይ ብቻ ክር አብዝተሃል።» ሐኪሙ ወረቀቱን ለተማሪዎቹ ሁሉ እያዞረ አሳየ። በዚያ ሆስፒታል የሳቅኩት ያን ቀን ነው፣ አሞኛልም። በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ዙሪያው ንጹሕ ነው፣ ዕጢዎቹም አልተነኩም አሉኝ። ጨረር አላስፈለገኝም። ክትትል ግን በየጊዜው አለ፣ ዛሬም አለ።

ሐረር ስመለስ ሁለት ነገር ጠበቀኝ። አንዱ የነሲራ ሁልበት መረቅ፣ የአብሽ ሾርባ ነው፤ ያለ በርበሬ አቅጥና ትሠራልኝ ነበር፣ በማንኪያ ተምሬ እንደ ሕፃን በላሁት። ሁለተኛው ዝምታ ነው። ንግግሬ ወፍራም ሆኗል፤ «ሰ» እና «ረ» አልታዘዝ ብለውኛል። በርጫ የማይሄድ ሰው ደግሞ በእኛ ከተማ ወሬም ጓደኛም ያጣል። ቶፊቅ ፊት ለፊቴ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ በሩቁ ሰላም ይለኛል እንጂ መንገዱን ተሻግሮ አይመጣም። እኔም ሆድ ባሰኝ፣ አልተሻገርኩም። ከሕመሙ ይልቅ ይህ ነበር የከበደኝ።

ልምምዱን ግን አልተውኩም። ጠዋት ጠዋት ከሱብሒ ሰላት በኋላ ከከተማው በላይ ወዳለው፣ ሐኪም ወደሚባለው ተራራ እወጣለሁ። እዚያ የሚሰማኝ ስለሌለ እጮሃለሁ። አንዷን የዚክሪ ስንኝ ይዤ እደጋግማታለሁ፤ ምላሴ ሲደክም ቁጭ ብዬ ከተማውን አያለሁ፤ ሲያርፍ እንደገና። አንድ የአካባቢው ገበሬ በአህያው ማገዶ ጭኖ ሲያልፍ ያየኝ ነበርና አንድ ቀን ቆሞ በኦሮምኛ «አባ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» አለኝ። «ከምላሴ ጋር» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ባለፈ ቁጥር «ዛሬስ ማን አሸነፈ?» ይለኛል። ብዙ ቀን እሷ ነበረች ያሸነፈችው። እየቆየ እየቆየ ግን «ረ» ወጣች። «ሰ» አሁንም ታፏጫለች፤ ታፏጭ።

ዓመቱ ዞሮ ሹዋሊድ መጣ። አዋች ግቢ፣ የወልዮች፣ የደጋግ አባቶቻችን፣ ቀብር ባለበት የተከበረ ስፍራ፣ ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ልቀበል ነበር ሐሳቤ። አው ዑመር ግን ባዩኝ ጊዜ በእጃቸው ጠሩኝና «አውጣ» አሉኝ። ወደ ፊት ወጣሁ። ከበሮው ዘንድ ቶፊቅ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎ አየኝና ከበሮውን ወደ ራሱ ሳበ።

ጀመርኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ምላሴ ተሰናከለች፣ ቃሉ ግማሹ አፌ ውስጥ ቀረ። ያኔ ቶፊቅ ከበሮውን ዝቅ አደረገው፣ በጣት ጫፍ ብቻ እየነካ። ሕዝቡም የጎደለውን ቃል ተቀብሎ ሞላልኝ። ማንም አላቋረጠ፣ ማንም አልዞረም። የወደቀብኝን እያነሱልኝ፣ እኔም እያወጣሁ፣ እስከ መጨረሻው ዘለቅን። አልሐምዱሊላህ ብዬ ስቀመጥ ልብሴ በላብ ርሷል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዕረፍት ሆነ፣ ጫት ዞረ፣ ሰው መጫወት ጀመረ። ቶፊቅ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «አወጣኸው» አለኝ ዓይኑን ሳያነሳ። ልመልስለት ዞር ስል ፊቱን አየሁት፤ ያየሁትም ነገር ደስታዬን ከላዬ ገፈፈው።

ቀኝ ጉንጩ ነበር ያበጠው።

«ወሪያ ቶፊቅ» አልኩት ዝቅ ብዬ፣ «ጫትህን መቼ ነው ወደ ቀኝ ያዞርከው?»

ማላመጡን አቆመ።

«ግራውን ምን ሆነብህ?»

«ምንም። ትንሽ ይሻክረኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ቅጠሉን በጣቱ ከጉንጩ አወጣው። «አንተ አዲስ አበባ ከመሄድህ በፊት» አለኝ። «ያንተን ፊት ባየሁ ቁጥር የራሴን አፍ ነበር የማስበው። ለዚህ ነው ያልመጣሁት። ፈራሁ፣ ኢብራሂም።»

ዓመት ሙሉ የያዝኩት ቂም በአንድ ጊዜ ወደ ፍርሃት ተለወጠብኝ። «ነገ ጠዋት» አልኩት። «ነገማ የበዓሉ ጣጣ አላለቀም፣ ሥራ አለብኝ…» ሊል ሲጀምር ክንዱን ያዝኩት። እኔን ሊያስቀረኝ የነበረው ያው በዓል ነው።

በማግስቱ አቦከር ወዳለው ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ ስሙን ስትጠራ ልክ እኔ እንዳደረግኩት ወደ ጎን ዞሮ አየኝ፤ እኔም ልክ እንደ ነሲራ ጣራ ጣራውን አየሁ። ገባ። ከውጭ ስጠብቅ ውስጥ ሆኜ ከጠበቅኩት ጊዜ ይልቅ ረዘመብኝ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተሰማው የቶፊቅ ጩኸት ነው።

«የተሰበረ ጥርስ ነው! የጥርስ ሽራፊ ነው ጉንጬን የፋቀው! ሞረደችውና አለቀ፤ ቁስሉ መዳኑን እስክታይ ተመልሰህ ና አለችኝ፣ በቃ! ሌሊቱን ሙሉ በባዶ ሜዳ አላስተኛኸኝም፣ ሚስቴን አስለቀስካት፣ ኑዛዜ ሁሉ አስቤ ነበር! በከንቱ አስፈራኸኝ፣ አንተ ሰውዬ፣ በከንቱ!»

ዶክተር ሰላማዊት ከኋላው በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። በከንቱ። ይህን ቃል ከእኔ ይልቅ የሚያጣጥም ሰው የለም። እኔን በጊዜው በከንቱ የሚያስፈራኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ምንኛ ደስ ባለኝ። ቶፊቅ እስኪደክመው ሰደበኝ፤ አንድ ቃል ሳልመልስ ሰማሁት። ከዚያ መንገድ መሐል አቅፌው አለቀስኩ።